በበቆጂ ሁሉም ሰው ያያል

ከቤተሰቤ አንድም ሰው በቆጂን ያያታል ብዬ አላስብም። ድሬዳዋ ተወልደው፣ ድሬዳዋ አርጅተው፣ በጥር ወር ነጠላ ከደረቡ "ዘንድሮስ ብርዱ አይጣል ነው" የሚሉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ለእነርሱና ለመሰሎቻቸው፣ በየቀኑ ከያዝኩት ደብተር እያየሁ ይህንን ጻፍኩ። ያላየሁትን አልጨመርኩም። ያፈርኩበትንም አልሰረዝኩም፤ መሰረዝ ግን አምሮኝ ነበር።

ለጉዞው የተመረጥኩት በዕውቀቴ አይደለም። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ እስካሁን የከፈትኩት አካል የእንቁራሪት ብቻ ነው፤ እሱንም ለሁለት ተካፍለን። ለመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ልንበተን ስንል ዶክተር ነጋሽ የሚባሉ የዓይን ሐኪም ክፍላችን ገብተው፣ "መዝገብ የሚይዝ፣ ጽሑፉ የሚነበብ ሰው እፈልጋለሁ። ከሐኪሞች መሃል ፈልጌ አጣሁ" አሉ። እኔ ንግግራቸው ሳያልቅ እጄን አውጥቼ ነበር። እጄን የማወጣው ብዙ ጊዜ ጥያቄው ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የዓይን ሞራ የሚባለው ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ሲደፈርስ ነው። ዶክተሩ ከሁለት ዓመት በፊት አሰላ መጥተው የአካባቢውን ሰዎች ያከሙት በአዲሱ ዘዴ ነበር፤ የሌንሱን ፍሬ አውጥተው፣ እንደ አተር ገለባ ያለውን የኋላውን ስስ ሽፋን ይተዉታል፤ ዓይንን ከኋላ ደግፎ ይይዛልና። ክፋቱ ግን ይህ ገለባ ውሎ አድሮ ራሱ ይደፈርሳል። ሰውየው "ሞራዬ ተመልሶ በቀለ" ይላል። ሞራው አልበቀለም፤ የቀረው ገለባ ነው የጨለመው። መድኃኒቱ ሌዘር የሚባል ብርሃን ነው። ቢላዋ ሳይነካው ገለባው መሃል ላይ ትንሽ መስኮት ይከፍትበታል። መሣሪያው በእርዳታ የመጣ ነው፤ አዲስ አበባ ተቀምጧል። ታማሚዎቹ ደግሞ አርሲ ተቀምጠዋል። ዶክተር ነጋሽ መሣሪያውን ተሸክመው ወደ ታማሚዎቹ ለመሄድ ወሰኑ። ሐሳቡን ከእርሳቸው በቀር የወደደ ሰው አላየሁም።

ሰኞ

መሣሪያው ፍራሽ ላይ ተኝቶ፣ እኛ ብረት ላይ ተቀምጠን ከአዲስ አበባ ወጣን። አራት ነበርን፤ ዶክተሩ፣ ሲስተር አልማዝ የምትባል ነርስ፣ ሾፌሩ ተካና እኔ። መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር ዶክተሩ ዞር ብለው "እንዴት ነው?" ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ስለ እኔ የሚጠይቁ መስሎኝ "ደህና ነኝ ዶክተር" እል ነበር። ሞጆ ስንደርስ ሲስተር አልማዝ፣ "ሳጥኑን ነው የሚጠይቁት" ብላ ገላገለችኝ።

ናዝሬት ስንደርስ ሙቀቱ የአገሬን መሰለኝና ደስ አለኝ፤ ሌሎቹ ሦስቱ ላባቸውን ይጠርጉ ነበር። ከከተማው መውጫ ኬላው ላይ አንድ ወታደር ሳጥኑን በጣቱ መታ መታ አደረገና "ምንድን ነው?" አለ።

"ሌዘር" አሉ ዶክተሩ።

"ምን ይሠራል?"

ዶክተር ነጋሽ መዋሸት አይችሉም። "ይተኩሳል" አሉ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ቆምን። የይለፍ ወረቀቱ ሦስት ሰው ዘንድ ሄዶ ሦስት ጊዜ ተነበበ። በመጨረሻ የአንድ ሃምሳ አለቃ እናት ሞራ እንዳለባቸው ታወቀና ዶክተሩ ምክር ሰጥተው፣ ሃምሳ አለቃውም ሁለት ፓፓያ ሰጥቶን አለፍን።

ከአዋሽ ተሻግረን ወደ ላይ መውጣት ስንጀምር እኔ መጀመሪያ ሹራቤን፣ ቀጥሎ የሲስተር አልማዝን ሻርፕ ለበስኩ። ኢተያ ስንደርስ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። እዚያ ስንዴው ታጭዶ አልቆ የጭዱ ክምር ከቤቶቹ ይበልጣል፤ በእኛ አገር እንዲህ የሚከመረው አሸዋ ብቻ ነው። ጎሚስታው መኪናውን ዞሮ አይቶ፣ "ክብደቱ ነው፤ ሳጥኑን አውርዱ" አለ።

"ሳጥኑ አይወርድም፤ እኛ እንወርዳለን" አሉ ዶክተሩ። ወርደን ብርዱ ላይ ቆምን። ጎሚስታው አዘነልንና ቤቱ አስገብቶ የስንዴ ቆሎና የሞቀ ወተት አቀረበልን። ሒሳብ ስንለው ተቆጣ፤ "ጎማውን ክፈሉ እንጂ ወተቱን ማን ጠየቃችሁ?" አለ።

አሰላ የገባነው ሲመሻሽ ነው። ባረፍንበት ቤት አልጋዎቹ ሦስት ነበሩ። መሣሪያው ፍራሹ ላይ እንደተኛ መኪና ውስጥ አደረ፤ ተካ ከጎኑ አደረ። ማን ማንን እንደጠበቀ አላውቅም።

ማክሰኞ

አሰላ ከላይዋ ጭላሎ ተራራ ተቀምጦባታል። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከተራራው ይወርድና ከተማዋን ይጠቀልላታል። ድሬዳዋ ላይ ጭጋግ ያየሁት የጎረቤታችን ወጥ ሲያርር ብቻ ነው።

ሌዘሩ ሲሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በዚህ ቀን ነው። ታማሚው አገጩን ድጋፍ ላይ አድርጎ፣ ግንባሩን ብረት ላይ አስደግፎ ይቀመጣል። ዓይኑ ላይ የማደንዘዣ ጠብታ ይደረግና ትንሽ መስታወት ትለጠፍበታለች። ዶክተሩ ከወዲያ በአጉሊ መነጽር ያያሉ። ገለባው ላይ ሁለት ቀያይ የብርሃን ነጥቦች ይታያሉ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ ዶክተሩ ይጫናሉ፤ "ጣ!" ይላል፤ እንደሚፈነዳ ፈንድሻ። ገለባው ላይ ቀዳዳ ይከፈታል። "አያቃጥልም" አሉኝ ዶክተሩ፤ "አንዲት ብልጭታ ታክል ፍንዳታ ነው፤ ሥጋውን ይበጥሰዋል። አንድ ፀጉር ያህል ወዲህ ወይም ወዲያ ከሄደ ግን ያልተፈለገውን ይበጥሳል።" እኔ ይህንን በጥንቃቄ ጻፍኩ።

አንዲት እናት ተተኩሶላቸው ሲነሱ፣ "ይኸው ነው?" አሉ።

"ይኸው ነው እማማ።"

"ለዚህ ነው ሹሩባ የተሠራሁት?"

ሥራው ግን በዚህ አላበቃም። የተበጠሰው ገለባ ብናኝ የዓይንን የውኃ መውረጃ ሊደፍን፣ ግፊቱም ሊጨምር ስለሚችል ታማሚው ጥቂት ሰዓት ተቀምጦ መለካት አለበት። ግፊትን የሚቀንስ ክኒን ይሰጠዋል፤ ክኒኑ ደግሞ ሽንት ያመጣል። እኔ ከሰዓት በኋላ የሠራሁት ሥራ ሰዎችን ወደ ሽንት ቤት ማድረስና መመለስ ነው። ሕክምና ከፍ ያለ ሙያ ነው ብሎ የላከኝ አባቴ ይህንን ሲያነብ ምን እንደሚል አላውቅም።

ረቡዕ

ከአሰላ ወደ በቆጂ መንገዱ ጠጠር ነው። መሣሪያው ሁለት ፍራሽ ተጨመረለት። ሳጉሬ ላይ ቁርስ ስንበላ ዶክተሩ ምግባቸውን ትተው ሳጥኑን ሲያዳምጡ አየኋቸው።

በቆጂ ከፍታዋ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ አንዲት ኮረብታ ስወጣ ሦስት ጊዜ ቆሜያለሁ። የትምህርት ቤት ልጆች ደግሞ በጎኔ እየሮጡ እያለፉኝ፣ ደርሰው ተመልሰው እንደገና አለፉኝ። አንድ ሌላ ነገርም አየሁ። የበቆጂ ወንዶች ብዙዎቹ አገጫቸው ወይም ጆሯቸው ላይ ትንሽ የጋዜጣ ቁራጭ ለጥፈዋል፤ ከሥሩ ደም ያረጠበው። በደብተሬ ላይ "የደጋው ብርድ ቆዳ ይሰነጥቃል" ብዬ ጻፍኩ። ይህንን ያልሰረዝኩት ቃሌን ለመጠበቅ ብቻ ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር አዳራሹን ሰጡን። መሣሪያው ጨለማ ይፈልጋል፤ መስኮቶቹ ደግሞ መጋረጃ የላቸውም። ሊቀመንበሩ ጥቂት አስበው ለሰልፍ የሚያዙ፣ መፈክር የተጻፈባቸው ቀያይ ጨርቆችን አስመጡ። "ጓድ ዶክተር፣ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ይሁን ወደ ውጭ?" ብለው ጠየቁ። ዶክተሩ ብርሃን እስካላስገባ ድረስ ግድ እንደሌላቸው ሲነግሯቸው መልሱ አልተስማማቸውም። ጽሑፉ ወደ ውስጥ ሆነ።

ያረፍነው እትዬ ብዙነሽ ከሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ዘንድ ነው። ጥርሶቼ ሲጋጩ ሰምተው የበግ ለምድ አለበሱኝ፤ ጭኮ አቀረቡልኝ። ጭኮ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ የሚሠራ ነው፤ ጠጣር፣ ከባድ፣ የሚጣፍጥ። አንድ ጉርሻ የድሬዳዋን ሰው እስከ ማታ ያቆማል። እኔ ለማስደሰት ብዬ ስድስት ጎረስኩ። እትዬ ብዙነሽ ሰባተኛውን ሲያነሱ ሲስተር አልማዝ እጃቸውን ያዘችልኝ።

ሐሙስ

በቆጂና አካባቢዋ ከሁለት ዓመት በፊት የታከሙ አሥራ አንድ ሰዎች ተጠርተው አሥራ አንዱም መጡ። ይህ ራሱ ተአምር ነው፤ እኛ አገር አሥራ አንድ ሰው ከጠራህ አራት ይመጣል፤ ሦስቱ ያልጠራሃቸው ናቸው።

የቀበሌው ጄኔሬተር ቤንዚን ጥቂት ስለሆነ ዶክተሩ እንዲህ የሚል ደንብ አወጡ፦ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ደጅ ላይ፣ እኔ ዘንድ፣ በሠንጠረዡ ይለካል። የወደቀ ብቻ ወደ ጨለማው አዳራሽ ገብቶ በመብራት ይታያል። ሠንጠረዡ ላይ ሹካ የሚመስሉ ምልክቶች አሉ፤ ከላይ ትላልቅ፣ እየወረዱ ሲሄዱ ትናንሽ። ታማሚው የሹካው ጥርስ ወዴት እንደዞረ በእጁ ያሳያል። ሌንሳቸው ስለወጣ ሁሉም የሚለኩት ያኔ የተሰጣቸውን ወፍራም መነጽር አድርገው ነው።

አንድም ሰው አልወደቀም። ሁሉም እስከ መጨረሻው መስመር፣ ጥርት አድርገው፣ ሳይጠራጠሩ አሳዩ። አንዳንዶቹ እኔ ምልክቱን በዱላ ሳልነካው ነው የመለሱት። እኔ ይህን የቅልጥፍና ምልክት አድርጌ ወሰድኩት። ከሁሉ በላይ የደነቁኝ ጋሽ በዳሳ የሚባሉ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ቀኝ ዓይናቸው በልጅነታቸው በገብስ ዛላ ተወግቶ ጠፍቷል፤ ያለችው የግራዋ ብቻ ነች። በእሷ ብቻ ሙሉውን ሠንጠረዥ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ፊት ለፊታቸው ቆሜ ስማቸውን ጠይቄ፣ በመዝገቡ ላይ "እጅግ በጣም ጥሩ" ብዬ ጻፍኩ።

ዶክተር ነጋሽ መዝገቡን አይተው በጣም ተደሰቱ። ትንሽም ቅር ያላቸው ይመስለኛል፤ ያን ሁሉ መንገድ የተሸከሙት ሳጥን ሳይከፈት ነው። "እንግዲያው ነገ በማለዳ እንመለሳለን" አሉ። ፀጉሬን አይተውም፣ "አንተ ግን እንዲህ ሆነህ ከእኔ ጋር አትመለስም" አሉኝ።

እኔም ወደ ጋሽ በዳሳ ፀጉር ቤት ሄድኩ። ገብቼ ሰላም ስል፣ "ነጋ ቡልቴ፣ ደህና አደርክ? የማን ልጅ ነህ አንተ?" አሉኝ። ከአንድ ሰዓት በፊት ፊት ለፊታቸው ቆሜ ነበር። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አስቀመጡኝና ራሴን በሁለት መዳፋቸው ያዙት፤ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው አገላበጡት። ቶንዶሱ ከአንገቴ ጀምሮ ሽቅብ ወጣ፤ መውጣቱ ባልከፋ፣ መቆም ያለበት ቦታ ላይ አልቆመም። መቀሱ ሲመጣ ደግሞ ጆሮዬን አገኘው።

"አይ!" አልኩ።

"አይዞህ፣ ጠንካራ ፀጉር ነው ያለህ" አሉኝ።

ወረፋ የያዙ ሦስት ሰዎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ፣ አገጩ ላይ የጋዜጣ ቁራጭ የለጠፈ፣ "የጋሽ በዳሳ እጅ እኮ ቀላል ነው" አለ። ሌሎቹ ሁለቱም "በጣም ቀላል ነው" አሉ። ለእኔም የጋዜጣ ቁራጭ ተሰጠኝ።

ደጅ ላይ ያንን ሰው ጠብቄ ያዝኩት። "ለምን አትነግሯቸውም?" አልኩት።

"ምን ብዬ? ሃያ ዓመት ፀጉሬን ያስተካከለኝን ሰው 'አታይም' ልበለው? ነውር አይደለም እንዴ?"

"ሌላ ፀጉር ቤት የለም?"

"አለ፤ ከዚህ አለፍ ብሎ። ታዲያ በደጃቸው አልፌ ልሂድ? በምን ዓይኔ?"

ሰው ሁሉ ሲወጣ ተመልሼ ገባሁ። ጋሽ በዳሳ ወንበሩን ይጠርጋሉ፤ ግማሹን ጊዜ ወንበሩን ስተው አየሩን ነው የሚጠርጉት። ጠዋት እንዴት እንዳሳዩ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ ካዱ፤ ቀጥሎ ተቀመጡ።

"ከፊቴ የነበረው ሰው ተለክቶ ሲመለስ ነገረኝ" አሉ። "ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች፣ ታች፣ ቀኝ፣ እስከ መጨረሻው። እኔም ለኋለኛው ነገርኩት።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም። መሠረተ ትምህርት እንኳን እንዲህ ቶሎ አልገባንም።"

"ለምን ጋሽ በዳሳ?"

"ልጄ፣ ያ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት ይህችን አንዲት ዓይኔን በእጁ አበራልኝ። የልጄን ሚስት መልክ ያየሁት ያኔ ነው። አሁን ደግሞ በዚያ መንገድ ሳጥን ተሸክሞ ሲመጣ፣ 'የሠራኸው ተበላሸ' ልበለው? አይደክመውም? አያፍርም?" ክንዴን ያዝ አድርገው፣ "አደራ፣ እንዳትነግረው" አሉ።

አደራ ካሉኝ በኋላ ምን ላድርግ? ብናገር አደራ በላሁ። ባልናገር ነገ ማለዳ እንሄዳለን፤ መሣሪያው ወደ በቆጂ ዳግመኛ መምጣቱን እንጃ፤ የጋሽ በዳሳ አንዲት ዓይን እየጨለመች ትቀራለች። በዚያ ላይ "እጅግ በጣም ጥሩ" ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወደ እትዬ ብዙነሽ ቤት ስመለስ መንገዱን ሁለት ጊዜ ዞርኩት።

እራት ላይ ዶክተሩ ቀና አሉ። "ጆሮህን ምን ነካው?"

"ፀጉር ተስተካክዬ ነው ዶክተር።"

"ማን ዘንድ?"

"ጋሽ በዳሳ ዘንድ።"

ዶክተር ነጋሽ ዳቦውን አስቀመጡ። "ከሠንጠረዡ ስንተኛው መስመር ደርሰው ነበር?"

"የመጨረሻው።"

ተነስተው መጥተው ጆሮዬን አዩት፤ ቀጥሎ አንገቴን፣ ቀጥሎ አናቴን። ሲስተር አልማዝ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓዳ ገባች። ዶክተሩ ግን አልሳቁም። "ነገ አንሄድም" አሉ። "ሰዎቹ እንደገና ይጠሩ። ሠንጠረዡን ገልብጠህ ስቀለው።"

እኔ አልነገርኩም። ይህንን በፈለጋችሁት አምላክ ፊት እምላለሁ።

ዓርብ

ሠንጠረዡ ተገልብጦ ተሰቀለ። የመጀመሪያዋ ሴት ቀረቡ፤ ዱላዬን ሳላነሳ "ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ..." ብለው ጀመሩ። ሁለተኛው ሰውም እንዲሁ። አራተኛው ሰው ላይ ዶክተሩ ወጥተው ደጅ ለተሰለፈው ሰው፣ "ወገኖቼ፣ እኔ ለምስጋና አልመጣሁም። ዓይናችሁ ከጨለመ ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የገለባው ጠባይ ነው። የሚያሳፍረኝ ጨልሞባችሁ ስሄድ ነው" አሏቸው። ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ "እንግዲያው እኔ ሠንጠረዡንም አላየሁትም፤ ግድግዳውን ነው ያየሁት" አሉ፤ ሰው ሁሉ ሳቀና ነገሩ ተፈታ። አራት ሰዎች ለሌዘር ተለዩ። ጋሽ በዳሳ የመጨረሻው ሆኑ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው ራሳቸው ከኋላ ቆሙ።

ሳጥኑ ሲከፈት ግን ሁለቱ ቀያይ ነጥቦች አልገጥም አሉ። የጠጠሩ መንገድ አናግቷቸዋል። ዶክተሩ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሲያስተካክሉ ቆዩ። ለመሞከሪያ የካርቦን ወረቀት ፈለጉ፤ ብርሃኑ የት እንደሚመታ ቀዳዳው ያሳያል። ሊቀመንበሩ ካርቦን በደብዳቤ ነው የሚወጣው አሉ፤ ደብዳቤውን ለመጻፍ ደግሞ ካርቦን ያስፈልጋል። በመጨረሻ አንድ ያገለገለ ሰጡን፤ የስብሰባ ጥሪ የተተየበበት። ዶክተሩ አነጣጥረው አንዲት የ"ዐ" ክብ ውስጥ፣ በትክክል መሃሏን መቱ። እንደገና ሌላ "ዐ"። ሦስተኛውንም። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብለው አይተው "ስብሰባው ተቀደደ" አሉ፤ እርሳቸውም መቀለድ እንደሚችሉ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሦስቱ ሰዎች በሰላም አለቀላቸው። የጋሽ በዳሳ ተራ ደረሰ። ዶክተሩ ወንበር ስበው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ።

"ጋሽ በዳሳ፣ ያለችዎት አንዲት ዓይን ነች። ስለዚህ እውነቱን ልንገርዎ።"

"ይንገሩኝ።"

"ካልተኮስኩት እየጨለመ ይሄዳል። ከተኮስኩት ብዙውን ጊዜ ይበራል። አንዳንዴ ግፊቱ ይጨምራል፤ እሱን በክኒን እንይዘዋለን። ከስንት አንዴ ደግሞ ከወራት በኋላ፣ ከዓይን በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ሊቀደድ ይችላል። ያን ጊዜ እኔም የምረዳዎት ጥቂት ነው።"

ጋሽ በዳሳ አሰቡ። "ምላጭ እኔ እጅ ላይ ሲሆን ሰው ይህን ያህል አይነገረውም" አሉ። ቀጥሎ፣ "ልጁ ራሴን ይያዝልኝ። እኔ የሱን ይዤዋለሁ፤ አሁን ተራው የእሱ ነው" አሉ።

ያዝኩ። ፀጉራቸው ሽበት ነው፤ ራሳቸው ሞቃት ነው። ሁለቱ ነጥቦች ገጠሙ፤ "ጣ!" አለ። ጋሽ በዳሳ ፍንክች አላሉም፤ የተንቀሳቀስኩት እኔ ነበርኩ። ዶክተሩ ዓይናቸውን ከመሣሪያው ሳያነሱ፣ "ትንፋሽህን ዋጥ" አሉኝ። ዋጥኩ። እያንዳንዱን ተኩስ በሆዴ ቆጠርኩ፤ ሃያ ሦስት ላይ ዶክተሩ ቆሙና "መስኮቱ ተከፈተ" አሉ።

ጋሽ በዳሳ ገና አገጫቸውን ሳያነሱ፣ "አየሁ! ጥርት ብሎ አየሁ! ገላቶማ፣ እግዜር ይስጥልኝ!" አሉ።

"አላዩም" አሉ ዶክተሩ። "ብሌንዎ በጠብታ ሰፍቷል፤ ውስጡ ደግሞ ብናኝ ነው። ዛሬ ማንም ሰው ምንም አያይም።"

"ትንሽ አየሁ።"

"አላዩም።"

ከአንድ ሰዓት በኋላ ግፊቱ ሲለካ ከፍ ብሎ ተገኘ። ዶክተሩ ከተቀመጡበት ተነሱ። ክኒን፣ ጠብታ፣ እንደገና ጠብታ። ጋሽ በዳሳ ወደ ሽንት ቤት በሄዱ ቁጥር እኔ ክንዳቸውን ይዤ ነበር። ዓይንዎን ያመዎታል ወይ ስላቸው "ኧረ ምንም" ይሉኛል፤ የእርሳቸው "ምንም" ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ስለዚህ ፊታቸውን አየሁ እንጂ አፋቸውን አልሰማሁም። ግንባራቸው ተቋጥሮ ነበር። ሁለተኛው ልኬት እንዳለ ነው። በሦስተኛው፣ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል፣ መውረድ ጀመረ። በአራተኛው ወረደ። ሲስተር አልማዝ ቁጥሩን ስትነግረኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት።

ቅዳሜ

የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ጋሽ በዳሳ ያያሉ ወይስ አያዩም? ራሳቸውን ብንጠይቅ "አያለሁ" ይላሉ። ሠንጠረዡን ብናሳያቸው የተገለበጠውንም እስከ አሁን ሸምድደውታል። ዶክተር ነጋሽ ከመኪናው በፊት ወደ ፀጉር ቤቱ ሄዱ። የአምስት ቀን ጢም አብቅለው ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጡና አንገታቸውን ወደ ኋላ ጣሉ።

"ላጩኝ" አሉ።

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ተያዩ። ሲስተር አልማዝ በሩ ላይ ቆማ ጥጥ ይዛለች። እኔ የዶክተሩን አንገት አይቼ ፊቴን አዞርኩ፤ ተመልሼም አየሁ።

ጋሽ በዳሳ ወፍራም መነጽራቸውን አጥልቀው ሳሙናውን ቀቡ። ምላጩን አነሱ። የግራውን ጉንጭ ከላይ ጀምረው ሳብ አደረጉ፤ ንጹሕ ወጣ። እንደገና ሳቡ። ቀስ ብለው፣ እየተመለከቱ። ከዚያ ቆም አሉና ቀና ብለው አግዳሚው ላይ ያሉትን ሰዎች አዩ። አንድ በአንድ አዩአቸው።

"አንተ፣ አገጭህን ምን ነካው?"

"ብርድ ነው ጋሼ" አለ ሰውየው።

"አንተስ? ጆሮህን?"

"ብርድ ነው።"

"ሁላችሁንም?"

"ዘንድሮ ብርዱ ከብዷል" አለ ሦስተኛው።

ጋሽ በዳሳ ወደ እኔም ዞሩ። እኔም ያደግሁት በይሉኝታ ነውና "ብርድ ነው ጋሽ በዳሳ" አልኳቸው።

ወደ ዶክተሩ ተመለሱ፤ ጎንበስ ብለው ምላጩን ወደ ዶክተሩ አንገት አስጠጉ። እዚያው ላይ እጃቸው ቆመ። ረጅም ጊዜ ቆመ።

"ዶክተር" አሉ ቀስ ብለው፤ "እዚህ ጋ ሥር አለ። ይመታል።"

"አዎ፤ አለ።"

"ሰው ሁሉ አለው?"

"ሁሉም።"

ጋሽ በዳሳ ምላጩን ጣሳው ውስጥ ከተቱት። ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር፤ በዚያ ብርድ። "ይህንን እያየሁ እንዴት ነው የምላጨው?" አሉ። "ትንሽ ቀን ይስጡኝ። እንደ አዲስ ልማር።"

ተካ ከውጭ ጥሩምባ ነፋ። ዶክተር ነጋሽ ተነስተው ሳሙናውን በፎጣ ጠረጉ። የግራ ጉንጫቸው እንደ ሕፃን ለስልሷል፤ የቀኙ እንዳለ ነው። ጋሽ በዳሳን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ብልጭታ ወይም ጥቁር መጋረጃ የመሰለ ነገር ካዩ በዚያው ቀን አሰላ እንዲሄዱ ነገሯቸው፤ "ብርድ ነው እንዳይሉ" አሏቸው። ወጡ። አንድም ሰው ስለ ጢማቸው አልተነፈሰም፤ እትዬ ብዙነሽም ስንቅ ሲያቀብሉን በግራ በኩል ብቻ ነበር የሚያዩአቸው።

ሳጉሬን ስናልፍ መዝገቡን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። "ዶክተር፣ የጋሽ በዳሳን የማየት ችሎታ ምን ብዬ ልሙላ? በሠንጠረዥ አልተለኩም።"

ዶክተር ነጋሽ ያልተላጨውን ጉንጫቸውን ዳሰሱ።

"'ምላጩን አየ፤ ፈራ' ብለህ ጻፍ" አሉኝ።

እንዳሉኝ ጻፍኩ።